መኪኖቹ የቆሙበት ሰዓት

አያቴ ኤሞስ ኦርመሮድ ከሃዲ መሆኑን ያወቅሁት በአሥር ዓመቴ፣ በወይዘሮ ኤንትዊስል ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። ሰማዩ ያካፋ ነበር። ዝናብ የነካው የአያቴ ካፖርት የሚያወጣው የእርጥብ ሱፍ ሽታ ከስድሳ አራት ዓመት በኋላም አልለቀቀኝም።

ወይዘሮ ኤንትዊስል በሩን ሲከፍቱ እጃቸው በዱቄት ተለውሶ ነበር።

«እንዴ ኤሞስ! በዚህ ዝናብ? ደግሞ እኛን ምን ትጠይቀናለህ፣ መቼ ከእናንተ ተለይተን እናውቅና!»

«ለወጉ ያህል ነው፣ ኢዲት። ዘንድሮ እጩዋ ሮና ናት።»

«ሮናማ በእጄ ያደገች ልጅ! እኔም ሰውዬውም ለሷ ነን፣ በላት። ና አንተ ኔቪል፣ ይቺን ብስኩት ያዝ። አይ ይሄ ልጅ፣ እናቱን መስሎ ቁጭ!»

በሩ ተዘጋ። አያቴ የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መስሎ ጎንበስ አለ፤ ማሰሪያው ግን አልተፈታም ነበር። ከቆቡ ሥር ቀና ብሎ የሳሎኑን መስኮት ጥቂት ተመለከተ። ከዚያም ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ የመራጮች ስም የተጻፈበትን ካርድ አወጣ፣ የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ አረጠበና ከባልና ሚስቱ ስም ፊት ለፊት ሁለት ኤክስ አደረገ።

የምልክቶቹን ትርጉም ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ራይት የእኛ ሰው ነው፤ ኤክስ የተቀናቃኞቻችን፣ የወግ አጥባቂዎቹ፣ ነው፤ የጥያቄ ምልክት ገና ልቡ ያልቆረጠ ነው።

«አባባ፣ እሳቸው እኮ እሺ አሉ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ኤክስ አደረግህባቸው?»

«ብስኩትህን ብላ» አለኝና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሱና ልጁ፣ አክስቴ ሮና፣ ናቸው። ከተማችን ብራክንሾ በጥጥ ሽመና የኖረች ናት። ድልድይ ታች የሚባለው የእኛ ቀጠና ደግሞ ከፋብሪካዎቹ ግርጌ ጀርባ ለጀርባ የተደረደሩ የሠራተኛ ቤቶች ነበሩ። በዚያ ቀጠና ሌበር፣ የእኛው የሠራተኞች ፓርቲ፣ ተሸንፎ አያውቅም። አያቴ አርባ ዓመት በሽመና ቤት የሠራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ደግሞ የፓርቲው ቅርንጫፍ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። የምርጫ ካርዶቹ ሁሉ በእሱ እጅ ነበሩ። በዚያ ክረምት ወጣቶቹ ቅርንጫፉን ሞሉትና ለከተማው ምክር ቤት ሮናን እጩ አደረጓት። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት፣ ሥራዋ መምህርት፣ ልብሷ ሱሪ ነበር። በፋሲካ ሰሞን፣ የአቶሚክ ቦምብ ይወገድ እያሉ አራት ቀን በእግር ከሚጓዙት ጋር ተጉዛ፣ እግሯ ተላልጦ የመጣች ሴት ናት። ከእሷ የበለጠ ጀግና በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ማታ ማታ ቋሊማና ድንች እየበላን ይጣላሉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ሕዝቡ ገና አልደረሰም› ስትል ሕዝቡ አርጅቶ ሞተ እኮ፣ አባዬ!»

«ሕዝቡ ሥራ ላይ ነው ያለው። ያ ማዶ ያለው ፋብሪካ የድስት ክዳን የሚያመርት መስሎሻል? የቦምብ ቀፎ ነው። በዚህ መንገድ ካሉት ባሎች ግማሹ ጠዋት ጠዋት የሚገባው እዚያ ነው።»

«ስለዚህ እንዋሻቸው?»

«ስለ ኪራዩ ንገሪያቸው። ጓሮ ስላለው ሽንት ቤት ንገሪያቸው። መጀመሪያ ወንበሩን ያዢ፣ ከዚያ ቦምብሽን እንደልብሽ ስደቢ።»

«የናንተ ትውልድ ይሄው ነው! መጀመሪያ ወንበር፣ ከዚያ ዝምታ።»

«የናንተስ? መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ ሽንፈት።»

ሮና ሹካዋን ወርውራ ትነሳለች። እሱ የእሷን ድንች በሳህን ይከድንላታል፤ ቆይታ ስትመለስ ትበላዋለች። ድንቹን መክደኑን አያለሁ፤ ነገር ግን የሚከድነው ስለበደላት ይመስለኝ ነበር።

የቅርንጫፉ ሊቀመንበር አቶ ሃርግሪቭስ ነበር። ሰፊ ሆድና ቀጭን ድምፅ ነበረው። እሱም ከአያቴ ጋር የሚስማማ አሮጌ ሰው ነው። አንድ ቀን በእኛ ሳሎን ተቀምጦ እንዲህ ሲል ሰማሁት።

«ይቺ ልጅ ከወደቀችማ፣ ኤሞስ፣ ከእንግዲህ ለሃያ ዓመት ከሃምሳ ዓመት በታች ያለ ሰው አናቀርብም። ለሁሉም ትምህርት ነው።»

ይህን ሲናገር ከንፈሩን ላሰው። የሽንፈት ነገር ከንፈር ሊያስልስ እንደሚችል የተማርኩት ያን ዕለት ነው።

«አትወድቅም» አለ አያቴ።

«ኤክሱ ስንት ሆነ?»

«ብዙ ነው። ካርዶቹን ሮና እንዳታያቸው።»

«ታዲያ በምን ታሸንፋለች?»

«የተኙት ይተኙ። አንድም ሰው እንዳይቀሰቅሳቸው። አለቀ።»

በበሩ ስንጥቅ ጆሮዬን ጥጄ ነበር። ሮና እንዳታይ የሚደበቅ ካርድ፤ እሺ ያሉ ሰዎች ላይ የሚደረግ ኤክስ፤ የተኙ ይተኙ። የአሥር ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? «አትወድቅም» ማለቱ ለማስመሰል መሰለኝ፤ አያቴ የገዛ ልጁን ሊጥላት ነው አልኩ።

አሁን እንደማውቀው አያቴ ሲያደርግ የነበረው ከማንም በላይ የጠቀማትን ሥራ ነው። በምርጫ ቀን ፓርቲዎች ሁሉንም ሰው አይጠሩም። ራይት ያለበትን ሰው ብቻ ከቤቱ ያወጣሉ፣ ይለምናሉ፣ በመኪና ያደርሳሉ። ኤክስ ያለበትን ሰው ሬዲዮውን እያዳመጠ እቤቱ እንዲውል ይተዉታል። ለከተማ ምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ሰው ሳይቀሰቀስ የሚወጣው በጭንቅ ነው። አያቴ ቆጥሮ ጨርሶ ነበር። ሮናን የሚወድ ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት በሙሉ ከወጣና ሌላው ቤቱ ከዋለ ግን ትገባለች። ካርዶቹን የደበቃት ጎረቤቶቿ በስንት ቤት እንደዋሿት እንዳታውቅና ልቧ እንዳይሰበር ነበር።

በምርጫው ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሮና በድምፅ ማጉያ በየመንገዱ ስትዞር አያቴ ወደ ሠራተኞች ክበብ ሄደ። ካርዶቹ ያሉበትን የጫማ ካርቶን ከቁም ሳጥኑ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ላጲስና እርሳስ ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ልናገር፦ ውሸታም አልነበርኩም። ያላወቅሁትን ሰው አልነካሁም። ከአያቴ ጋር በር ላይ ቆሜ፣ በገዛ ጆሮዬ «ለሮና ነን» ሲሉ የሰማኋቸውን ብቻ ነው የፋቅሁት። ኤክሱን ፍቄ ራይት አደረግሁ። አርባ አንድ ሰዎች ነበሩ። ላጲሱ ወረቀቱን እያሳሳው፣ እኔ ብናኙን እፍ እያልኩ፣ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። እውነትን ወደ ቦታዋ የምመልስ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዶፍ ዘነበ። የእኛ ሳሎን የምርጫው ጽሕፈት ቤት ሆነ። የግድግዳ ወረቀት የሚለጠፍበት ረጅም ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ አቶ ሃርግሪቭስ በማለዳ ከካርዶቹ የገለበጠው የስም ዝርዝር በላዩ ተወጠረ። ሻይ፣ የትንባሆ ጭስ፣ የካም ሳንድዊች፣ እርጥብ ጫማ። አያቴ ከማለዳ ጀምሮ በምርጫ ጣቢያው በር፣ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚመርጡትን ሰዎች ቁጥር ይመዘግባል። ቁጥሩ ወደ እኛ ይመጣል፣ የመጣው ሰው ይሰረዛል፣ ያልመጣው ይጠራል።

«ኤንትዊስል፣ ሁለት ሰው፣ እስካሁን አልመጡም!» ብሎ ጮኸ አቶ ሃርግሪቭስ። «መኪና!»

«እኔ አመጣቸዋለሁ» አለ ፒርስ። ፒርስ የሮና ጓደኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የአባቱን መኪና ይዞ የመጣ ወጣት ነው። ሁሉንም «ጓድ» ይላል፤ እኔንም ጭምር። «ጓድ ኔቪል፣ ግባ! ቤቱን ታሳየኛለህ።»

ወይዘሮ ኤንትዊስል በር ላይ መኪና ሲያዩ ደነገጡ።

«ለኛ? መኪና? ኤሞስ ነው የላከው?»

«አዎ እናቴ፣ ለእናንተ ነው!» አለ ፒርስ።

«እኔ እንኳ በዚህ ዝናብ ቀርቶብኝ ነበር…» አሉና ወደ ባላቸው ዞሩ። ባላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ መኪና ከመጣ ምን ይባላል።»

ፒርስ ክንዱን ሰጥቷቸው በዝናቡ መሐል እንደ ንግሥት ወደ ምርጫ ጣቢያው አስገባቸው። ጃንጥላውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። አያቴ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አየን። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ወይዘሮ ኤንትዊስል ዓይኑን ሊያዩ አልቻሉም፤ መሬት መሬት እያዩ «አይ ኤሞስ፣ ምን አስቸገራችሁ» ብለው አለፉ። ያፈሩት መኪና ስለላክንላቸው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያመጣናቸው ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። በዝናቡ ሳይርሱ፣ ተመስግነው፣ ክንድ ተይዘው ገቡ፤ ብዙዎቹ ወግ አጥባቂውን መርጠው ወጡ፤ በእኛው መኪና ተመለሱ፤ «እግዜር ይስጥልን» አሉ። ዛሬ ከእነሱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ጃንጥላ የያዘው ልጅ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል አያቴ ወንበሩን ለሌላ ሰው ትቶ እየሮጠ መጣ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ካርቶኑን ከፈተ፣ አንድ ካርድ መዘዘና ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ ያዘው። ወረቀቱ በሳሳበት በኩል ብርሃኑ ያልፋል። ሌላ ካርድ መዘዘ። ሌላም። ራይቶቹ የእሱ አልነበሩም፤ መምህሬ እንዳስተማረችኝ ጭራቸው ረዝሞ ወደ ላይ የወጣ የልጅ ራይቶች ነበሩ። ዞሮ አየኝ። ትልቅ እጁን አናቴ ላይ አኖረ፤ እጁ ከብዶኝ አንገቴን ደፋሁ።

«መኪኖቹን አቁም» አለ።

አቶ ሃርግሪቭስ ሳንድዊቹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። «ምን?»

«ሁሉንም አቁም።»

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ሦስት ሰዓት ይቀረናል! ሰው ከሥራ የሚወጣው አሁን ነው!»

«ካርዱ ተበላሽቷል።»

«ማን አበላሸው?»

«እኔ።»

በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፤ አመነ! እንዲያ ነበር ያልኩት። ተያዘ፣ አመነም።

አያቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ዝርዝሩን ከአእምሮው እያወጣ እንደገና ጻፈ፤ አርባ አንዱን ስም አንድ በአንድ ሰረዘ። አንድ ሰዓት ፈጀበት። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ሦስቱ መኪኖች ደጃፋችን ላይ መብራታቸውን አብርተው ቆመው ነበር፤ ፒርስ ዝናብ ላይ ሆኖ ይሳደባል። ከዚያ አያቴ ዝርዝሩን ለአቶ ሃርግሪቭስ ሰጠና፣ መኪና ሳይጠይቅ፣ ራሱ በእግሩ እውነተኞቹን ሰዎች ሊጠራ ወጣ።

ሮና በአሥራ ሰባት ድምፅ ተሸነፈች።

ከቆጠራው ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቆ ነበር።

«መኪኖቹን ያቆምካቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

የተከደነውን ሳህኗን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«አባዬ፣ ለምን ብዬ ጠይቄሃለሁ!»

«ዓይኔ ደክሟል። ካርዱን አሳስቼ ነበር።»

ሮና ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ዓይንህ! አንተ? በመስኮት መስተዋት የሰው ከንፈር የምታነብ ሰውዬ ነህ ዓይኔ ደከመ የምትለኝ?»

እውነቷን ነበር። በሽመና ቤት ጩኸት ውስጥ ድምፅ አይሰማም፤ ሸማኔዎች የሚነጋገሩት ከንፈራቸውን እያጎሉ፣ ያለ ድምፅ ነው። አርባ ዓመት እንደዚያ የተነጋገረ ሰው ከመንገዱ ማዶ የሰው ወሬ ያነባል። ሸማኔ የነበረች ሴትም ለባሏ ስታወራ፣ ሳታስበው፣ ከንፈሯን እንደ ጥንቱ ታጎላለች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እኛ የሰፈሩ ልጆች በዚህ እንጫወት ነበር። ያልተፈታውን የጫማ ማሰሪያ ግን ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም፤ ሮናም አላገናኘችውም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ወይዘሮ ኤንትዊስል ለባላቸው ያሉትን አያቴ በመስኮቱ አንብቦ እንደነበር ማናችንም አላሰብንም።

በሁለተኛው ሳምንት ቅርንጫፉ ሊዳኘው ተሰበሰበ። ሮና እኔንም ይዛኝ ሄደች። ክሱን ያነበበው ፒርስ ነው፤ ድምፁ ሲያምር! አሮጌው ትውልድ ወጣቱ ከሚያሸንፍ ጠላት ቢያሸንፍ ይመርጣል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ ኔቪል፣ አትፍራ። ያየኸውን ለጓዶች ንገራቸው።»

«ልጅ ይመሰክራል እንዴ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«እውነት ዕድሜ የለውም» አለ ፒርስ፤ ወጣቶቹም አጨበጨቡ።

ቆምኩ። «ሰዎቹ ለሮና ነን ሲሉት፣ እሱ ኤክስ ያደርግ ነበር» አልኩ። «ካርዶቹን ሮና እንዳታያቸውም ብሏል።»

አዳራሹ ጉድ አለ። አቶ ሃርግሪቭስ በሊቀመንበሩ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ኤክሶቹ ለምን እንደተደረጉ ከአያቴ ቀጥሎ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ካርዶቹ እንዳይታዩ የተባለውም ለእሱ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ስለ ኤክሶቹ አፉን አልከፈተም፤ ሰዓቱን አየ።

«ጓድ ኦርመሮድ፣ የምትለው አለህ?» አለ።

አያቴ ተነሳ። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። «ልጁ ያየውን ነው የተናገረው» አለና ተቀመጠ።

ሃያ ሦስት ለዘጠኝ በሆነ ድምፅ ፓርቲውን በመክዳት ተባረረ። ከሃያ ሦስቱ እጆች አንዱ የሮና ነበር። ስንወጣ ፒርስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ቸኮሌት ሰጠኝ። በላሁት። ጣፈጠኝ።

ሮና በዚያው ወር ቤቱን ለቅቃ ሄደች። አያቴ ሰባት ዓመት ኖረ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ያባረረውን ፓርቲ ፖስተር መስኮቱ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ ሰዎች ፖስተሩንም ሽፋን ነው አሉት። ቀብሩ ላይ ሮና አልተገኘችም። ስለ ካርዶቹ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

እውነቱን የተረዳሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ እኔ ራሴ ካርድ ይዤ በር ሳንኳኳ ነው። አንዲት ሴት «መቼ ከእናንተ ተለይተን እናውቃለን፣ የኔ ልጅ» ብላ፣ ፊቷ በፈገግታ ተሞልቶ በሩን ዘጋችው። ወደ መስኮቷ ተመለከትኩ። ከንፈር ማንበብ አልችልም፤ ፋብሪካዎቹ እኔ ሳልደርስባቸው ተዘግተዋል። ነገር ግን የከንፈሯን ሁኔታ አየሁ፤ ለባሏ ስታወራ አፏን ሸርመም አደረገችው። ለመረዳት ያ በቃኝ። መንገዱ ላይ ቆሜ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ሸተተኝ።

ሮና ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። ላገኛት እችል ነበር። ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም፤ ምክንያቱንም መደበቅ አልፈልግም። ያቺ ሽንፈት በዚያን ጊዜ የብዙ ሰዎች እንጀራ ሆና ነበር። አቶ ሃርግሪቭስ «ግራ ክንፍ በድልድይ ታች እንኳ አያሸንፍም፣ ተሞክሯል» እያለ ከንቲባ ሆነ። ፒርስ «ግራ ክንፍ የሚሸነፈው ከጀርባው ስለሚወጋ ነው» እያለ በየጋዜጣው ጽፎ ስም አወጣ። እኔም ከሁለቱ አልተሻልኩም። ከአርባ ዓመት በፊት ፓርቲያችን በመላ አገሪቱ ክፉኛ በተሸነፈ ማግስት፣ አዲሶቹ ወጣቶች የቅርንጫፉን ጸሐፊነት ሊነጥቁኝ ሲመጡ፣ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «እኔ አክስቴ በአሥራ ሰባት ድምፅ ከወደቀችበት ቤት የመጣሁ ሰው ነኝ። ምን እንደሚያሸንፍና ምን እንደማያሸንፍ አታስተምሩኝ።» ተጨበጨበልኝ። ወንበሩንም ያዝኩ። ያን ዕለት እንደ ሃርግሪቭስ ከንፈሬን ልሼ እንደሆነ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሮና ከስምንት ዓመት በፊት፣ አባቷን እንደጠላች ሞተች።

ባለፈው መከር ቅርንጫፋችን «ግራ ክንፍ ሊያሸንፍ ይችላል?» በሚል ርዕስ ስብሰባ ጠራ። ግማሹ አዳራሽ ከሠላሳ ዓመት በታች ነው፤ ግማሹ ከስድሳ በላይ። መሐሉ ባዶ ነው። ሊቀመንበሯ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ የድልድይ ታችን ታሪክ እንድነግራቸው ጋበዘችኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመት አባልነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደነበረ ነገርኳቸው። ላጲሱን፣ አርባ አንዱን ስም፣ ጃንጥላውን፣ ቸኮሌቱን። ዝርዝሩ ላይ ከአርባ አንዱ ሠላሳ አራቱ እንደመረጡ፣ ከእነሱ ስንቱ ያለ መኪና ይወጣ እንደነበር ግን እንደማላውቅ ነገርኳቸው። በመጨረሻም የጻፍኩትን ወረቀት አነበብኩ፦ ኤሞስ ኦርመሮድን ያባረረው ውሳኔ ይሻር።

ከዚያ አንድ ወጣት ከመቀመጫው ዘለለ።

«ስለዚህ ታሸንፍ ነበር ማለት ነው! በቦምብ ጉዳይ ሳትለሳለስ ታሸንፍ ነበር! ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲዋሹን ኖረዋል ማለት ነው!»

«ቀስ በል ወንድሜ» አለ ከወዲህ አንዱ ሽበታም። «ታሸንፍ የነበረው በማን ስሌት ነው? በአሮጌው ሰውዬ ካርድ! እናንተ በር ላይ የተባላችሁትን ሁሉ ታምናላችሁ፤ ችግራችሁ ይሄ ነው።»

«በር ላይማ አንተ መቼ ሄደህ ታውቅና!»

«አንተ ሳትወለድ ነው የሄድኩት፣ ጉረኛ!»

ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን ለመውሰድ ተጣደፉ። ስልካቸውን አውጥተው ይጽፉ ጀመር። እየተጯጯሁ አንዱም ሌላውን አልሰማም። እጄን አነሳሁ።

«ወረቀቱስ?» አልኩ።

«ጋሽ ኔቪል፣ እሱን በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እናየዋለን» አለች ሊቀመንበሯ፤ ትሕትናዋ እውነተኛ ነበር።

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ቆየ። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ሲደረስ ወጣቶቹ ወደ መጠጥ ቤት፣ ሽማግሌዎቹ ወደ አውቶቡሳቸው ሄደው ነበር። ሊቀመንበሯ በጣቷ ቆጠረችን።

«አሥራ አንድ። ምልዓተ ጉባኤ አሥራ ሁለት ነው፣ ጋሼ። አንድ ሰው ጎደለን። ለሚቀጥለው ወር እናሳድረዋለን፤ አይከፋህ።»

«የሞተ ሰው ጉዳይ አይቸኩልም» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሌሎቹም ሳቁ፤ በክፋት አልነበረም።

አንዳቸውም ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አልጠየቁኝም። የት እንደተቀበረ አልጠየቁኝም። ከደረቴ ኪስ የአባልነት ካርዴን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ።

«አሁን አሥር ናችሁ» አልኳት።

ካርዱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያም እስክሪብቶዋን አንስታ ቃለ ጉባኤው ላይ ቁጥሩን አስተካከለች።